ሃዋይ በየትኛው ወር? ከእናት ጋር ከሆነ መልሱ ይለያል

ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ቆይተናል፣ የጫጉላ ሽርሽር የሚባል ነገር ግን አላየንም። አሁን ሃዋይ ለመሄድ ወስነናል። መቼ የሚለው ላይ ነው ያልተስማማነው። የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ዲሴምበር መጨረሻ ስለሚዘጋ በፈረንጆቹ ገና እንሂድ ይላል። ሲያትል ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ያኔ ዝናብ ነው፣ የዛሬ ዓመት ኦገስት ሂዱ ትላለች። ሌላው ኤፕሪል፣ ሌላው ሴፕቴምበር ይለኛል። እኔ ነርስ ነኝ፣ ፈቃድ የምጠይቀው ከወራት በፊት ስለሆነ ቀኑን ቆርጬ ማስገባት አለብኝ። እማዬ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ ስድስት ወር ትቆያለች። እሷንም ይዘናት ብንሄድ ደስ ይለናል። ጉልበቷን ያማታል፣ ጿሚ ናት። ደግሞ ሦስታችንም ዋና አንችልም። ለሃዋይ ምርጡ ወቅት የቱ ነው?»

እህቴ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርሽ። ፈቃድሽን ከሜይ 10 እስከ 20፣ 2027 ጠይቂ። በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 2 እስከ 12፣ 2019 መሆኑ ነው። አለቃሽ ዘንድ ነገ መግባት ካለብሽ ይሄንን ይዘሽ ግቢ፣ የቀረውን ማታ ተረጋግተሽ ታነቢዋለሽ።

አሁን ለምን እንደሆነ። የሃዋይ ወቅት ጉዳይ ብዙ ሰው እንደሚመስለው የሙቀትና የብርድ ጉዳይ አይደለም። ደሴቶቹ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ19 እስከ 22 ዲግሪ ላይ ናቸው፣ ዙሪያቸውን ውቅያኖስ ነው። ሆኖሉሉ በጃንዋሪ ቀን ቀን 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፣ በኦገስት 31 ወይም 32። ልዩነቱ ይሄው ነው። የሜሪላንድን ፌብሩዋሪ የምታውቂ ሰው ያንን ክረምት ብለሽ ለመጥራት ይከብድሻል። የባሕሩ ውኃም ዓመቱን ሙሉ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው የሚዋልለው። ስለዚህ ሙቀቱን እርሺው። ከወር ወር የሚለያዩት ሞገዱ፣ ዝናቡ የሚወርድበት ጎንና ዋጋው ናቸው። ለእናንተ ደግሞ አንድ ሌላ ይጨመራል፣ የእናትሽ ጾም። እሱን የፈረንጅ የጉዞ መጽሐፍ አይነግርሽም።

ከሞገዱ ልጀምር። «ደግሞ ሦስታችንም ዋና አንችልም» ብለሽ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽው አለፍሽ እንጂ፣ ለኔ የደብዳቤሽ ዋና ነገር እሱ ነው።

ከኖቬምበር እስከ ማርች ሰሜን ፓስፊክ ውስጥ፣ ወደ አላስካ በኩል፣ ትላልቅ የክረምት አውሎ ነፋሶች ይነሣሉ። እነሱ የገፉት ሞገድ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሃዋይ ደሴቶችን ሰሜናዊ ዳርቻ ይመታል። ኦአሁ ደሴት ላይ ኖርዝ ሾር የሚባለው አካባቢ፣ እነ ዋይሜያና እነ ፓይፕላይን ያሉበት፣ የዓለም ምርጥ ሰርፈሮች የሚሰበሰቡበት ጊዜ ይሄ ነው። ሞገዱ ከአሥር ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። ያንኑ ዋይሜያ ጁላይ ላይ ብትሄጂ እንደ ኩሬ ተኝቶ ሕፃናት ሲንቦራጨቁበት ታገኚዋለሽ። ሰው ፎቶ እያሳየ «እዚህ ገብተን ዋልን» ሲልሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው በየትኛው ወር ብለሽ ነው። በፈረንጆቹ በጋ፣ በእነ ጁላይ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚመጣ ሞገድ የደሴቶቹን ደቡብ ጎን፣ ዋይኪኪን ጨምሮ፣ መምታት ይጀምራል። መጠኑ ግን የሰሜኑን የክረምት ሞገድ አያክልም።

ሜይ የሚመቸው በሁለቱ መሐል ስላለ ነው። የሰሜኑ አብዛኛውን ጊዜ በርዶለታል፣ የደቡቡ ገና መሟሟቁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም።

ያም ሆኖ ወሩ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ያገኛችሁት ባሕር ውስጥ አትግቡ። ኦአሁ ላይ ሳንዲ ቢች የሚባል ቦታ አለ፣ ማዊ ደሴት ላይ ደግሞ ማኬና። ሁለቱም ሲያዩዋቸው ያምራሉ፣ ሁለቱም ላይ ሞገዱ ጥልቅ ውኃ ላይ ሳይሆን አሸዋው ላይ ነው የሚሰበረው። ሰውን አንስቶ በጭንቅላቱ ይተክለዋል። ነርስ ስለሆንሽ የአንገት አጥንት ሲጎዳ ምን እንደሚከተል ላስረዳሽ አልሞክርም። ለእናንተ የሚሆነው በድንጋይ ግንብ የተከለለ ውኃ ነው። ዋይኪኪ ላይ ኩሂዮ ቢች በግንብ የታጠረ ገንዳ መሰል ቦታ አለው። በደሴቱ ምዕራብ ኮ ኦሊና የሚባሉት አራት ሰው ሠራሽ ላጉኖችም የውቅያኖሱ ጉልበት የማይደርስባቸው ናቸው። እናትሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ውኃው ውስጥ ሊነክሩ ይችላሉ፣ እናንተ ወገባችሁ ድረስ ገብታችሁ ልትጫወቱ ትችላላችሁ። ባለቤትሽ ማስክ አድርጎ ዓሣ ልይ ካለ፣ ዋና ለማይችል ሰው ስኖርክል፣ በቱቦ እየተነፈሱ ውኃ ላይ መንሳፈፍ ማለት ነው፣ ቀላል ነገር እንዳይመስለው። ሃዋይ ላይ ከሚሰጥሙ ጎብኚዎች ብዙዎቹ የሚሰጥሙት እሱን ሲያደርጉ ነው። ነፍስ አድን ሠራተኛ፣ ላይፍጋርድ፣ የሌለበት ባሕር አይግባ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሰው ለሽርሽር ሲሄድ ማስፈራራት አልወድም፣ ግን እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ባሕር ላይ ድፍረታችን ከችሎታችን ይበልጣል።

ወደ ዝናቡ። የአክስትሽ ልጅ «ያኔ ዝናብ ነው» ስትል በከፊል ልክ ናት። ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ጊዜ እርጥብ የሚባለው ነው፣ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ደረቅ የሚባለው። ነገር ግን እሷ ያልነገረችሽ፣ ሃዋይ ላይ ከወሩ ይልቅ ጎኑ እንደሚበልጥ ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ የሚነፍሰው ከሰሜን ምሥራቅ ነው፣ ትሬድ ዊንድ ይሉታል። እርጥብ አየሩን ይዞ መጥቶ ተራራው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። ተራራውን ተሻግሮ ሲወርድ ባዶ እጁን ነው። በዚህ ምክንያት የአንዱ ደሴት ምሥራቅ ሲረጥብ ምዕራቡ ቁልቋል ያበቅላል። ቢግ አይላንድ በሚባለው ደሴት ላይ ሂሎ የምትባለው ከተማ በዓመት ከ3000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፣ አዲስ አበባ ላይ የሚዘንበው 1200 ገደማ እንደሆነ ያዢልኝ። እዚያው ደሴት በምዕራቡ በኩል 250 የማይሞላበት ቦታ አለ። ሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ 430 ገደማ ነው፣ ከዋይኪኪ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ተራራው ገባ ያለው የማኖአ ሸለቆ ጫፍ ግን ከ3000 ያልፋል። ልብ በይ፣ ያው ከተማ ነው።

ስለዚህ ስልክሽ ላይ የአየር ትንበያ ከፍተሽ ሰባቱንም ቀን የዝናብ ምልክት ስታዪ አትደንግጪ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ተራራው ላይ የሚወርደውን ነው የሚያሳይሽ። እታች ያለው ሰው ፀሐይ እየሞቀ ነው። ባለበት ቦታ ከዘነበም ሌሊት ወይም ማለዳ ያርከፈክፍና ያባራል፣ እኛ የምናውቀው የሐምሌ ዝናብ አይደለም። ሆቴል ስትይዢ ደቡብ ወይም ምዕራብ ጎን ላይ ያዢ፣ በጃንዋሪም ብትሄዱ የተሻለ ትሆናላችሁ። በሜይ ምሥራቅና ሰሜን ጎን ላይ ከያዝሽ ደግሞ በ«ምርጡ ወር» ተበሳብሰሽ ትመለሺያለሽ። ካዋኢ ደሴት ሰሜን ላይ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 በ24 ሰዓት ውስጥ 1262 ሚሊ ሜትር ዘንቧል። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ማለት ነው! «ኤፕሪል ምርጥ ነው» ላለሽ ሰው ይሄንን ንገሪው፣ ለቀልድም ቢሆን።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ እንምጣ። መሥሪያ ቤቱ ስለሚዘጋ በገና ሰሞን እንሂድ ማለቱ ይገባኛል፣ የፈቃድ ቀን አይቆጠርበትም። ግን አሜሪካ ውስጥ መሥሪያ ቤቱ የሚዘጋው የሱ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ያን ሳምንት ነው የሚሄደው። ከዲሴምበር 20 አካባቢ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ያለው ጊዜ የሃዋይ ውዱ ጊዜ ነው፣ ትኬቱም ሆቴሉም መኪና ኪራዩም። አንዳንድ ሆቴል ያን ሰሞን ለአጭር ቀን ክፍል አይሰጥም። ያዳነውን የፈቃድ ቀን በገንዘብ ይከፍለዋል። በዚያ ላይ ወቅቱ ኮና ሎው የሚባለው ዝናብ የሚመጣበት ነው። ኮና ሎው ሲመጣ ነፋሱ ይገለበጥና ዝናቡ ደረቅ በሚባለው በደቡብና በምዕራብ በኩል ይገባል። በዲሴምበር 2021 ሆኖሉሉን ያጥለቀለቃት እሱ ነው፣ ቢግ አይላንድ ተራሮች ጫፍ ላይ ደግሞ የበረዶ ውሽንፍር ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። ሃዋይ ላይ በረዶ! ይኼ በየዓመቱ ይሆናል አልልም፣ ያን ያህል ከከፈልሽ በኋላ ግን ዕድል መሞከር ያናድዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን እናትሽ በዚያ ጊዜ ጾመ ነቢያት ላይ መሆናቸው ነው። እስከ ገና ዋዜማ ይጾማሉ። ሃዋይ የምግብ አገር ናት፣ እሳቸውን ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላጣና ሩዝ ታበያቸዋለሽ። ደስ ብሏቸው የሚቀመጡ እናት እንኳ ቢሆኑ ያንቺ ሆድ አይችለውም።

የአክስትሽ ልጅ ያለችው ኦገስትስ? ደረቅነቱ እውነት ነው። ግን የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ዕረፍት ስለሆነ ቤተሰብ ሁሉ እዚያ ነው፣ ዋጋውም ያንን ያውቃል። የአውሎ ነፋስ ወቅቱም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ሃዋይ በቀጥታ የምትመታው አልፎ አልፎ ነው። ካዋኢን ያወደመው ኢኒኪ ሴፕቴምበር 11፣ 1992 ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የሱን ያህል የለም። ሆኖም ሌን የተባለው በኦገስት 2018 ሳይመታ በቅርብ አልፎ ብቻ ቢግ አይላንድን በጎርፍ አጥለቅልቋታል። ነሐሴ ለእናትሽም ፍልሰታ ነው፣ ግን ያኔ አገር ቤት ስለሚሆኑ እሱን ተዪው። ሴፕቴምበር ለሁለት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እመርጠው ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ዋጋ ይወርዳል፣ ውኃው ከዓመቱ ሁሉ ይሞቃል። አውሎ ነፋሱን ፈርቶ የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ብቻ ነው። ግን እናትሽን ይዘሽ መሄድ ከፈለግሽ አይሆንሽም።

አሁን ካላንደር አውጪና አብረን እንይ። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፣ ሜይ 2። ሁዳዴ የሚገባው ማርች 8 ነው። በመሐል ያለውን ጊዜ በሙሉ ሰርዢው። ፋሲካውን ደግሞ እቤታችሁ፣ እቤተ ክርስቲያናችሁ ማክበር ትፈልጋላችሁ፣ ዶሮውን ጥሎ ማን ይሄዳል? ያ ሳምንት የጃፓኖች ጎልደን ዊክም ነው። ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5 በዓላት ስለሚደራረቡላቸው ብዙ ጃፓናዊ ወደ ሆኖሉሉ ይጎርፋል። ስለዚህ እሱም ይለፍ። ሜይ 9 እሑድ የአሜሪካ የእናቶች ቀን ነው፣ በእኛ ግንቦት 1፣ ልደታ። እናትሽ ንፍሯቸውን ቀቅለው ልደታን ሳያከብሩ የትም አይሄዱም፣ አውቃቸዋለሁ፣ ሁሉም እናት ያው ነው። ሰኞ ሜይ 10 ትነሣላችሁ። በሥራ ቀን መብረርም ከቅዳሜና እሑድ ብዙውን ጊዜ ይረክሳል።

ከሁሉም የሚያስደስተው ደግሞ ይሄ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እናትሽ ዓሣውንም ሥጋውንም ማንኛውም ቀን መብላት ይችላሉ። በሌላ በኩል አሜሪካኖቹ በሜሞሪያል ዴይ፣ ሜይ 31፣ ዕረፍት ሲጀምሩ እናንተ ተመልሳችኋል። የአውሎ ነፋሱ ወቅት አልገባም። እናትሽም የስድስት ወር ጊዜያቸው ሳያልቅ ለመመለስ ይደርሳሉ፣ የመግቢያ ፈቃዳቸው ላይ ያለውን ቀን ግን አንቺው በዓይንሽ እዪው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ከጨረቃ ጋር የተያያዘ ነው። በዋይኪኪ ዳርቻ ጨረቃ ከሞላች ከስምንት እስከ አሥር ቀን በኋላ ቦክስ ጄሊፊሽ የሚባለው ተናዳፊ የባሕር ፍጥረት ወደ ዳር ይመጣል። ንድፊያው ክፉኛ ያማል፣ አለርጂ ላለበት ደግሞ አደገኛ ነው። ሜይ 2027 ላይ ጨረቃ የምትሞላው በ20 ነው። ስለዚህ እነሱ የሚመጡት ከ28 እስከ 30 አካባቢ ነው፣ እናንተ ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ናችሁ። ቀኑን በአንድ ሳምንት እንኳ የምታሸጋሽጊ ከሆነ ይሄን አስቢበት።

በሜይ የምታጡት ነገር አለ ወይ? አለ፣ ዓሣ ነባሪ። ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከአላስካ እየመጡ የሚወልዱት ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ነው፣ በተለይ ከጃንዋሪ እስከ ማርች። ማዊ ደሴት ደቡብ ምዕራብ ላይ ኪሄይ ቁጭ ብለሽ ከባሕር ዳር ሆነሽ ሲዘሉ ልታዪያቸው ትችያለሽ፣ ጀልባ ሳያስፈልግሽ። ይሄ ነገር እውነት ልብ ይነካል። ስለዚህ አለቃሽ ሜይን ከከለከለሽ ሁለተኛው ምርጫዬ ከጥምቀት በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው። ገና አልፏል፣ ሁዳዴ አልገባም፣ የነነዌ ጾምም ገና ነው፣ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ነው የምታስቢው። ያኔ ከሄዳችሁ የማዊን ደቡብ ጎን ያዙ፣ ሰሜኑን ዳርቻ ከመኪና ሳትወርዱ እዩት፣ ዝናብ ለሚዘንብበት ቀን አንድ ሁለት ቀን ትርፍ ያዙ። ላሃይና ከተማን በኦገስት 8፣ 2023 እሳት አውድሟታል፣ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል። ስለዚህ የድሮ የጉዞ መጽሐፍ ይዛችሁ እንዳትፈልጓት፣ እዚያ ከደረሳችሁም የሐዘን ቦታ እንደሆነ አውቃችሁ እለፉ።

ለሜይ ግን ማዊን አልመክርሽም። ስድስት ሌሊት ኦአሁ፣ የቀረውን ቢግ አይላንድ በምዕራቡ በኮና በኩል አድርጉት። በሁለቱ መሐል በረራው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ኦአሁ ለእናትሽ ጉልበት ይመቻል፣ ዋይኪኪ ሜዳ ነው፣ ቁጭ የሚባልበት ሞልቷል፣ ሐኪም ቢያስፈልግም ከተማው ውስጥ ናችሁ። ዳይመንድ ሄድ የሚባለውን ተራራ ለሁለት ውጡት፣ ደረጃው ለእሳቸው አይሆንም፣ ለእናንተም ቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግዴታ ነው። ወደ ኖርዝ ሾር አንድ ቀን በመኪና ዙሩ፣ በሜይ ዳር ቆሞ ማየት አያስፈራም።

ኮና ደግሞ ለእናትሽ ነው ያልኩት። የኮና ቡና የሚበቅለው እዚያ ተዳፋት ላይ ነው፣ ቡና ከገባበት ከ1828 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ደመና። ብዙው የሃዋይ ክፍል በፈረንጆቹ ክረምት ሲዘንብበት ኮና ላይ ግን በርከት የሚለው በፈረንጆቹ በጋ ነው፣ ቡናውም ይሄንን ይወዳል። በሜይ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፣ ለቀማው ከኦገስት በኋላ ነው የሚጀምረው። የቡና እርሻ አስጎብኚዎች ቡና ከየት እንደመጣ ሲያስረዱ እናትሽ ቆመው ሲሰሙ ይታየኛል። ቪዲዮ ቅረጪልን። ከኮና ሁለት ሰዓት ገደማ ነድታችሁ የኪላዌያን እሳተ ገሞራ ማየት ትችላላችሁ። እሱ ወቅት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሲፈልግ ይፈነዳል ሲፈልግ ይተኛል፣ ስለዚህ ለእሱ ብላችሁ ቀን አትምረጡ። ጢሱ ግን ነፋሱ በተለመደው አቅጣጫ ሲነፍስ ዞሮ ወደ ኮና ይመጣል። እናትሽ አስም ካለባቸው ኮናን ትታችሁ አሥሩንም ቀን ኦአሁ ሁኑ።

በረራውን አስቢበት። ከዋሽንግተን ሆኖሉሉ በቀጥታ እንኳ ከአሥር ሰዓት በላይ ነው፣ ለታመመ ጉልበት ብዙ ነው። የአክስትሽን ልጅ ምክር ባልቀበልላትም ቤቷን ግን እፈልገዋለሁ። ሲያትል አንድ ሌሊት እደሩ፣ ከዚያ ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ይቀራችኋል። እናትሽ ፓስፖርታቸውን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፣ የአገር ውስጥ በረራም ቢሆን መታወቂያቸው እሱ ነው።

ስለ ፀሐዩ ደግሞ። በሜይ መጨረሻ ሆኖሉሉ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ትሆናለች፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ጥላ አይኖረውም። እናንተ ስትደርሱ ወደዚያው እየተጠጋች ነው። እኛ ጥቁሮች ነን አይነካንም የሚባለው ወሬ ነው፣ ይነካል። የፀሐይ ክሬም ስትገዙ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉት ኬሚካሎች የሌሉበትን ያዙ፣ ለኮራሉ ሲባል እነሱ ያሉበትን መሸጥ ሃዋይ ላይ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር ነው የምልሽ፣ ጥላ ሥር ሁኑ። እናትሽ ጃንጥላ ቢይዙ ማንም አይስቅባቸውም።

ምግብ ላይ፣ ሉአው የሚባለው የሃዋይ ግብዣ ዋናው ነገር በመሬት ውስጥ ምድጃ የበሰለ አሳማ ነው። ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ዓሣና ዶሮ መኖሩን ጠይቁ። በየሱቁ የሚሸጠው ስፓም ሙሱቢም ሩዝ ላይ የተደረገ የአሳማ ሥጋ ነው፣ እናትሽ ሳያውቁ እንዳይነክሱት። ፖይ የሚሉት ግራጫ ገንፎ መሰል ነገር የሚሠራው ከጎደሬ ነው። ደቡብ ኢትዮጵያን የሚያውቅ ሰው ጎደሬውን ወዲያው ይለየዋል፣ ጣዕሙን ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ባለቤትሽ ክትፎ ወዳድ ከሆነ ፖኬ የሚባለውን ጥሬ የቱና ዓሣ ስጪው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዲሴምበር አያነሣም።

እናትሽ ሽሮና በርበሬ፣ ከተቻለም እንጀራ ይዘው መሄዳቸው አይቀርም፣ ይያዙ። ጥሬ ቡና ግን ያለ ፈቃድ ሃዋይ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቡና ቦርቧሪ ነቀዝ፣ በ2020 ደግሞ የቡና ቅጠል ዝገት ገብቶባቸው ስለተቸገሩ ጠበቅ ያሉ ናቸው፣ ስትደርሱም የያዛችሁትን ተክልና ፍሬ ታሳውቃላችሁ። የተቆላ ችግር የለውም። ስለዚህ ከልደታ ማግስት ከመነሣታችሁ በፊት እቤት ቆልተው ይፍጩት። ጀበናውን ይያዙ፣ ዕጣኑን ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ይተዉት፣ የሆቴሉ የጢስ ማንቂያ ጮኾ አሥራ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ በደረጃ እንዳያስወርድ።